የቅዱስ ሮኬ ውሻ እንዳይወድቅ

ታግባካን፣ ኢሎኢሎ
ኦክቶበር 3 ቀን 1996

ለወይዘሪት ዱልሲስማ ጋሪንጎ
ማናማ

በሰው አገር ጤናሽን ለሚጠብቅ አምላክ ምስጋና ይድረሰው። እኛ ደህና ነን። «ደህና ነን» ያልኩት የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው እንጂ እኔ ደህና አይደለሁም።

አታስታውሽኝ ይሆናል። አያትሽና አባቴ እህትና ወንድም ነበሩ። ቀያሽ መሐንዲስ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት፣ ቁመቴ አንድ ሜትር ከስልሳ ሦስት፣ ክብደቴ ዘጠና አራት ኪሎ ነው። የመጨረሻው ቁጥር ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

ባለፈው ኦገስት፣ በቅዱስ ሮኬ በዓል፣ ሐውልቱን ከተሸከሙት ስምንት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ቦታዬ የፊት ግራ ነው። አባቴም አያቴም እዚያው ቦታ ላይ ተሸክመዋል። መንደሩን ዞረን ልንመለስ ስንል፣ አክስት ካንደላሪያ ደጅ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። የሸክም አልጋው ወደ ግራ አዘነበለ። ቅዱሱ በብሎን ስለታሰረ አልወደቀም። በእግሩ ሥር የሚቀመጠው፣ ዳቦ በአፉ የያዘው የእንጨት ውሻ ግን ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ውሻው ተገኝቷል። ዳቦው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የፊት ቀኙን የሚሸከመው ፖንሲያኖ ነው። የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበርም እሱ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አይወደኝም። ሕዝብ ፊት እንዲህ አለኝ፦ «ኤስፔሪዲዮን፣ አንተ ተሸካሚ አይደለህም። ጭነት ነህ።»

ውሻው ይታሰር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። የቅዱስ ውሻ አይታሰርም ተብሎ ውድቅ ሆነ። ከዚያ ኮሚቴው በጽሑፍ ወሰነ፤ እንዲጽፉት ያደረግኩት እኔ ነኝ። በሚመጣው ጁላይ መጨረሻ፣ አሸዋ የተጫነበትን አልጋ ተሸክሜ ሳላርፍ አደባባዩን ሦስት ጊዜ ካልዞርኩ፣ የአያቴ ቦታ ለፖንሲያኖ አማች ይሰጣል።

እዚህ ምክር የሚሰጠኝ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይጣላል። ሐኪሙ «ስብህን ቀንስ፣ ብረት አትንካ» ይላል። ጡንቻ አለኝ የሚለው የሥጋ ሻጩ ልጅ «መጀመሪያ ወፍር፣ ከዚያ ትቀንሳለህ» ይላል፤ የመጀመሪያውን ክፍል አጠናቅቄያለሁ። አንቺ ክብደት አንሺ ነበርሽ፤ አሁንም የሴቶች ስፖርት ቤት ውስጥ ታስተምሪያለሽ አሉኝ። ስለዚህ እጠይቅሻለሁ፦ ብረት ነክቶ የማያውቅ ሰው በአንድ ጊዜ ስብ መቀነስና ጉልበት መጨመር ይችላል ወይስ አይችልም? መልሱ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ በመርከብ ለዘመድ የሚላከው ሳጥን የሚከፈልበት በስፋቱ እንጂ በክብደቱ አይደለም። እስከ ዛሬ ይህን ተጠቅሞ ብረት የላከ ሰው አለመኖሩ ይገርመኛል። አስቢበት። ለማንም አትንገሪ።

ኤስፔሪዲዮን


ማናማ
ኖቬምበር 6 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ ኤስፔሪዲዮን

ቅዱስ ሮኬ ጉልበትዎን ይማርልኝ፤ ለአክስቴ ለፕሩደንሲያ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ስለ ዳቦው ሳቅሁ፤ ይቅርታ።

አንድ መስመር ባሉት መሠረት፦ ይችላል። ሌላው ቢቀርብዎ ጀማሪ በመሆንዎ ዕድለኛ ነዎት። ተነስቶ የማያውቅ አካል ትንሽ ሲጠየቅ ብዙ ይሰጣል፤ ምግብ ቢቀንሱበትም ይማራል። እኔ አሁን ያንን አላገኘውም።

በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ። ሸክሙን ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ፣ ከመሬት ማንሳት፣ ከራስ በላይ መግፋት። እያንዳንዱን አምስት አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር። በሚያሳፍር ቀላል ክብደት ይጀምሩ፤ በየቀጠሮው ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ። ሩዙን በግማሽ ይቀንሱ፤ ዓሳና እንቁላል አይቀንሱ። በጊዜ ይተኙ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከወረደ ጉልበትዎንም ይዞት ይሄዳል። ብረት እስኪገኝ ቀርከሃ ላይ ሁለት የውሃ ጀሪካን ያንጠልጥሉ።

ስለ ሳጥኑ አስባለሁ። ግን ለምን እኔን? አውራጃ ከተማ ላይ ስወዳደር አዳራሹ ውስጥ ነበሩ ብላኛለች እናቴ። ብረቱን ሕዝብ ፊት የጣልኩት ሰው ነኝ። ክርኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ያላዩት ሰው ቢጠይቁ ይሻል ነበር።

አክባሪዎ ዱልሲስማ


ታግባካን
ዲሴምበር 2 ቀን 1996

ለተከበርሽ ዱልሲስማ

የልደት በዓል በጤና ያድርስሽ። ደብዳቤሽ በአሥራ አምስት ቀን ደረሰኝ። አብዛኛው ግልጽ ነው። የሚከተለው ግልጽ አይደለም።

«ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ» ብለሻል። ትንሽ መለኪያ አይደለም። በኪሎ ጻፊልኝ። «ሩዙን በግማሽ» ብለሻል። የማን ግማሽ? ፕሩደንሲያ የኔን ግማሽ በሁለት እጥፍ ሳህን ታቀርባለች፤ ብጠይቃት «ግማሽ ነው» ትላለች፤ ልክ ናት።

ቀርከሃው በሁለተኛው ሳምንት ተሰበረ። ውሃው የተሰጣ ዓሳ ላይ ፈሰሰ። ጎረቤት ሁሉ ለምን ጀሪካን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እንደምቀመጥና እንደምነሳ ይጠይቀኛል። የቧንቧ ሥራ ነው እላለሁ።

ስለ ውድድሩ። ሦስተኛ ረድፍ ተቀምጬ ነበር። አንቺ አልጣልሽውም። መድረኩ በአራት ሜትር ርዝመት ሃያ ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር። ተቀምጬም ታይቶኛል፤ በማግስቱ መሣሪያዬን ይዤ ሄጄ ለካሁት። ለአዘጋጆቹ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። መልስ አልሰጡኝም። የሦስቱንም ግልባጭ አያይዣለሁ። የምታውቂ መስሎኝ ነበር።

ኤስፔሪዲዮን

ኢንዳይ ዱልሲ፣ ልጄ፣ ፕሩደንሲያ ነኝ። ፖስታውን ለማሸግ ሲሰጠኝ ነው ይህን የጨመርኩት። በሃምሳ አራት ዓመቱ ሩዝ የሚቀንስ ወንድ አይቼ አላውቅም። ሴት አለችው? እውነቱን ጻፊልኝ።


ማናማ
ጃንዋሪ 27 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ

አዲሱ ዓመት የብርታት ይሁንልዎ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ እዚህ አንዳንድ ነገር ተቀያይሮ ነበር።

ሳጥኑ ትናንት ተጫነ። ስምንት ክብ ብረት አለው፦ ሁለት ባለ ሃያ፣ ሁለት ባለ አሥራ አምስት፣ ሁለት ባለ አሥር፣ ሁለት ባለ አምስት። መቶ ኪሎ ነው። ዘንግ ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ይፈልጉ። «የቧንቧ ሥራ» ያሉት እንግዲህ እውነት ሆነ። ክፍተቱን በፎጣና በስድስት ሳሙና ሞላሁት። ቸኮሌት የለም፤ ቆርቆሮ ሥጋም የለም። አክስቶቼን ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

«ትንሽ» ማለት ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። አሸዋ በከረጢት ይመዝኑ።

ለአክስቴ ፕሩደንሲያ፦ በሳምንት ሦስት ቀን ቁጭ ብድግ የሚል ሰው ሌላ ሴት ቤት ድረስ የሚያደርስ እግር አይተርፈውም።

ግልባጮቹን አነበብኳቸው።

ዱልሲስማ


ታግባካን
ማርች 24 ቀን 1997

ለተከበርሽ ዱልሲስማ

ጤናሽ ይብዛ። የተፈጠረውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ቁጣዬ እንዳያዛባው።

ሳጥኑ የደረሰው ተራራ ላይ መሬት ስለካ ነው። እንደምታውቂው የሳጥን ወሬ ከሳጥኑ ቀድሞ ይደርሳል። ከጭነት መኪናው ለማውረድ ስድስት ሰው ፈጀ። መንደሩ ስድስቱን ሰዎች አይቶ ዱልሲስማ ባለጸጋ ሆናለች አለ። አርባ ዘመድ ቤቴ ተሰበሰበ። ፕሩደንሲያ ሳጥኑን ከፈተች። አንደኛው ፎጣ ተነሳ፣ ብረት። ሁለተኛው ፎጣ ተነሳ፣ ብረት። አክስት ካንደላሪያ «ልጅቷ በባዕድ አገር ምን ቢደርስባት ነው?» ብላ አለቀሰች።

ሳጥን ሲከፈት የተገኘ ዘመድ ባዶ እጁን አይሄድም። ሳሙናው ስድስት ቤት በቃ። ለቀሩት ባለቤቴ ከኀፍረት የተነሳ ብረቱን አደለች። ተራራ ወርጄ ቤት ስገባ የቀረኝ ፎጣ ብቻ ነበር። ፎጣውም አንዱ ጎድሏል።

አሁን አንዱ ባለ ሃያ ካንደላሪያ ዘንድ የጨው ዓሳ ማሰሮዋን ይጫናል። ባለ አሥራ አምስቶቹ አንዱ በር ይይዛል፣ አንዱ ዶሮ መጠጫ ሥር ነው። ሌላው ባለ ሃያ የፖንሲያኖ ሚስት እጅ ገብቶ የጀልባው መልሕቅ ሆኗል። የተሰጠ ስጦታ መልስ ማለት በዚህ መንደር ሞት ነው። ስለዚህ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጠየቅ።

ቧንቧዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከቤት ቤት እሄዳለሁ። አንዱ ቤት ያለውን ብረት ተውሼ፣ ተሸክሜ ወደሚቀጥለው ቤት ወስጄ፣ እዚያ አንስቼ፣ የማሰሮው ክዳን ሳይነሳ እመልሳለሁ። ሽማግሌዎች ወንበር አውጥተው ያዩኛል። አንዷ «ቁጭ ሲል ደህና ነው፤ ሲነሳ ግን ያለቅሳል» አለች።

ይህም ቀላል ነበር። ክፉው ምግቡ ነው። የሰው ቤት ገብቶ ሳይበሉ መውጣት አይቻልም። ባለፈው ሳምንት ከፖንሲያኖ ቤት በቀር ሰባት ቤት አነሳሁ፤ ሰባት ቤት በላሁ። የሩዝ ቂጣ በኮኮናት፣ የአሳማ ጥብስ፣ እንደገና የሩዝ ቂጣ። ዛሬ ጠዋት ዘጠና አምስት ኪሎ ነኝ። አንድ ኪሎ ጨምሬያለሁ። ለፈተናው አራት ወር ቀርቶኛል። መፍትሔ ላኪ። ሌላ ሳጥን አትላኪ።

ኤስፔሪዲዮን


ማናማ
ኤፕሪል 17 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ

ትንሣኤው የደስታ ይሁንልዎ። ደብዳቤዎን ለማስተምራት ሰው አነበብኩላት፤ ቋንቋውን ሳታውቅ እኔን አይታ ሳቀች።

ብረቱን ከቤት ቤት መሸከምዎን አያቁሙ። ያልፈለግነው ነገር የሚያስፈልገን ሆኖ ተገኘ፤ የዑደቱ መንገድ እኮ ያው ነው። የቅዱሱን ሸክም የሚመስል ሥልጠና ከዚህ በላይ ባስብም አላገኝም ነበር።

ስለ ምግቡ ግን ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ለምን እንደሚያነሱ ለማንም አልነገሩም። ምክንያቱን ያልነገሩት ሰው ምን ያድርግ? ያበላል። ይንገሯቸው። ከውሻው ጀምረው ይንገሯቸው። «የአያቴን ቦታ ላጣ ነው» ይበሉ። ዓሳና እንቁላል እበላለሁ፣ ቂጣውን ለበዓሉ ማግስት አቆዩልኝ ይበሉ።

ለእርስዎ ይህን መናገር ከሃያ ኪሎው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቀለል ባለው ቤት ይጀምሩ።

ዱልሲስማ


ታግባካን
ጁን 11 ቀን 1997

ለልጄ ዱልሲስማ

አምላክ ይጠብቅሽ። በካንደላሪያ ጀመርኩ። ስጨርስ «ታዲያ ይሄን ሁሉ ቂጣ ጋግሬ ሳልለፋ ቀድመህ አትናገርም ነበር?» አለች። ኮኮናት መፍጨቷን አቆመች። በነጋታው ሰባቱም ቤት ዓሳ ይጠበስ ነበር። አሁን ቂጣ የሚሰጠኝ ቤት ቢኖር ሌላው ቤት ይከሰዋል።

ቁጥሮቹ፦ ክብደት ሰማንያ ስምንት። የወገብ ዙሪያ አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ቀንሷል። ቁጭ ብድግ ሰባ ኪሎ፣ አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ወደ ላይ መግፋት ሠላሳ ሁለት ተኩል ላይ ተጣብቋል፤ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ስድብ አልሠራም።

ባለ ሃያዎቹን ጥንድ ለማድረግ ፖንሲያኖ ቤት መሄድ ግድ ሆነ። ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በአራተኛው ደጁ ላይ ከተንጠለጠለው የመረብ አልጋው ሆኖ ጠራኝ። «ግባ። መልሕቄን ልትሰርቅ መጥተህ ነው አይደል?»

ለመዋስ ነው አልኩት።

«ውሰደው። ግን እዚሁ ፊቴ ታነሳዋለህ። ከአንተ መውደቅ የሚቀርብኝ ነገር እንዳይኖር።»

በየሐሙሱ እዚያ አነሳለሁ። እሱ ጥብስ እየበላ ያየኛል። እስካሁን አልወደቅኩም። ጥብሱን ግን ጨምሯል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በየብረቱ ጀርባ በነጭ ቀለም የስፖርት ቤቱ ስምና ተራ ቁጥር ተጽፏል፤ ከ9 እስከ 16። ክፍት የሆነ ስፖርት ቤት ብረቱን አይሰጥም። መቼ ነው የተዘጋው? አሁን የት ነው የምትሠሪው? በግልጽ ጻፊ። ቀያሽ ነኝ፤ የጎደለ መሬት አያመልጠኝም።

ኤስፔሪዲዮን


ማናማ
ጁላይ 3 ቀን 1997

ለአጎቴ

ፈተናው የተቃና ይሁንልዎ። አዎ፣ ኖቬምበር ላይ ተዘጋ። በመጨረሻው ወር ደመወዜ ፈንታ ብረቱን ወሰድኩ። እናቴ አታውቅም።

አንዲት አሮጊት አስታምማለሁ። ስልሳ ስምንት ኪሎ ናት። በቀን አራት ጊዜ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ አነሳታለሁ። ወገቤን ቀጥ አድርጌ፣ በእግሬ፣ እንደ ሕጉ። እስከ ዛሬ ካነሳሁት ሁሉ አንስቼ ሳስቀምጠው የሚመርቀኝ ክብደት እሷ ብቻ ናት። ያን ጊዜ «ለማስተምራት ሰው» ያልኩዎት እሷን ነው፤ ተኝታ እጇን ወደ ላይ ትገፋለች።

ግልባጮቹን ትራሴ ሥር አድርጌያለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ቀን ግራ እግሬን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ሃያ ሦስት ሚሊ ሜትር። ስለ እሱ እጽፋለሁ ብዬ ስጀምር እቀደዋለሁ። እዚህ ላይ ልተወው።

ወደ ላይ የሚገፉትን አሥር በመቶ ቀንሰው እንደገና ይውጡ። ስድቡን ይቀጥሉ፤ ለመተንፈስ ይረዳል።

ዱልሲስማ


ታግባካን
ኦገስት 19 ቀን 1997

ኢንዳይ፣

ሰላምና ጤና ላንቺ፣ ለምታስታምሚያትም ሴት።

ፈተናውን አለፍኩ። ሦስት ዙር ተባለ፤ አራት ዞርኩ፤ ኮሚቴው በኋላ ቁጥር ላይ እንዳይከራከር። ክብደቴ ሰማንያ ሦስት ነበር። ፖንሲያኖ ወረቀቱን ሲፈርም እስክሪብቶው አልሠራም አለ። የራሴን ሰጠሁት።

አሁን የበዓሉን ቀን ልንገርሽ። ከአንቺ በቀር ለማንም የማልጽፈው ነው።

የመሸከሚያው እንጨት ላይ፣ ዓይኔ ፊት፣ ማዘንበልን በአረፋ የምታሳይ ትንሽ ውሃ ልክ አስሬ ነበር። እስከ ወንዙ ድልድይ አረፋዋ መሐል ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለች ወደ እኔ መምጣት ጀመረች። ወደ እኔ መጣች ማለት የኔ ጎን ከፍ ብሏል ማለት ነው። ራሴን መረመርኩ። አንቺ ቀጥ ብሎ መቆም አስተማርሽኝ፤ ትከሻዬ ካለፈው ዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። በቀኝ በኩል ደግሞ ፖንሲያኖ እየወረደ ነው። የሐሙስ ጥብስ ሥራውን ሠርቷል። ፊቱ እንደ ቲማቲም ነው።

ካንደላሪያ ደጅ ስንደርስ ከኋላዬ የእንጨት መፋቅ ድምፅ ሰማሁ። ውሻው ነው፤ ወደ ቀኝ ጀምሯል። የወንበሮቹ ሽማግሌዎች ሁሉ ቆመው ያያሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሰዓት በሌላ መልክ ስመኘው ነበር፤ አልክድሽም። «አንተ ጭነት ነህ» የምልበትን ድምፅ ሳይቀር ተለማምጄዋለሁ።

ፖንሲያኖ ጥርሱን ነክሶ፣ ከከንፈሩ ጥግ፣ «ኤስፔሪዲዮን፣ ዝቅ በል» አለኝ። ከዚያ በሕይወቴ ከሱ ሰምቼው የማላውቀውን ጨመረ፦ «እባክህ።»

ዝቅ አልኩ። ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ወገቤን ቀጥ አደረግኩ፣ አረፋዋን መሐል አስገባኋት። የውሻው ድምፅ ቆመ። እንደዚያ በግማሽ ቁጢጥ እንዳለሁ ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድረስ ሄድኩ። ከካንደላሪያ ደጅ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ነው። ከእንጨቱ እስከ መሬት የሚወርደው ቀይ ጨርቅ ስለጋረደኝ ማንም አላየም። ሰው የሚያውቀው ቅዱሱ ዘንድሮ ቀጥ ብሎ መግባቱን ነው። አስተያየት የሰጠችው ካንደላሪያ ብቻ ናት። «ኤስፔሪዲዮን በጣም ከመክሳቱ የተነሳ አጠረ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ፖንሲያኖ መልሕቁን በብብቱ ይዞ ቤቴ መጣ። ተቀመጠ። ፕሩደንሲያ የተቀመጠልኝን ቂጣ አቀረበችለት፤ አልነካውም። «ይሄ ነገር በሳምንት ስንት ቀን ነው?» አለ። ሦስት አልኩት። በሚያሳፍር ቀላል ክብደት እንዲጀምር ነገርኩት። እሱን መንገር እንዴት እንዳስደሰተኝ አልሸሽግሽም። ከቀትር በኋላ የበሩ ብረት መጣ፣ የዶሮው ብረት መጣ፣ የማሰሮው ብረትም መጣ። አሁን ስምንቱም እኔ ጓሮ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም አብረዋቸው መጥተዋል። ካንደላሪያ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በባለ አምስቱ ጀምራለች። ሁሉም ይጠይቁኛል፤ እኔ የማውቀው ያንቺን አራት ደብዳቤ ብቻ ነው፤ አልቆብኛል።

ስለዚህ የመጨረሻ ጥያቄዬ ይህ ነው። ብረት አትላኪ። ሳሙናም አትላኪ። አሮጊቷን ጥለሽ ነይ አልልሽም፤ ምርቃቷን ጨርሺ። ስትጨርሺ ግን የምትመጪበት ቦታ እንዳለ እንድታውቂ፣ ትናንት ጓሮዬ ውስጥ በሲሚንቶ መድረክ አስፈስሻለሁ፤ አራት ሜትር በአራት ሜትር። አሸዋውን ያመላለሰው ፖንሲያኖ ነው። ዛሬ ከነጋ በሃያ አምስት ነጥብ ላይ ለካሁት፤ ከዚያ መሣሪያው እንዳይዋሽ አዙሬ ደግሜ ለካሁት።

ዜሮ ነው፣ ኢንዳይ። በሁሉም ነጥብ ዜሮ።

አጎትሽ
ኤስፔሪዲዮን